ስድስት ነጥብ አምስት በሃምሳ አራት

ካዛንቺስ ውስጥ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ የተቀጠርኩት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ድርጅቱ ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን ወደ ባሌ ተራሮችና ወደ ቆላው ይዞ የሚሄድ ነበር። እኔ ጠመንጃ ቀርቶ ወንጭፍ ይዤ አላውቅም። እነሱ የፈለጉት ግን ፈጣን እጅና እንግሊዝኛ ነበር፤ ሁለቱም ነበሩኝ።

ዋናው ሥራዬ እንግዶቹ ይዘው ለሚገቡት መሣሪያ የፈቃድ ወረቀት መሙላት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «የጥይቱ ዓይነት» በሚለው ቦታ የምጽፋቸው ቁጥሮች የስልክ ቁጥር ይመስሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት አለቃዬ፣ ድሮ ራሳቸው አዳኝ የነበሩ ሰው፣ ሁለት ባዶ ቀለሃ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙና «አየሽ፣ እዚህ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት ነው፤ ሁለተኛው የቀለሃው ቁመት። በሚሊሜትር። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም» አሉኝ። አሜሪካኖቹ ደግሞ የራሳቸው አቆጣጠር እንዳላቸው ጨመሩልኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ። የድርጅቱን የቆዩ ፋይሎች እያወጣሁ ቁጥሮቹን በቃሌ ያዝኩ። ታክሲ ውስጥ ከታናሽ እህቴ ጋር ተቀምጬ «ሰባት በስልሳ አራት፣ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት በስልሳ ሁለት» እያልኩ ስቆጥርላት፣ ከፊታችን የተቀመጡ ሰውዬ ዞር ብለው «የጨርቅ ልክ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እህቴ ኦሎምፒያ እስክንደርስ ሳቋን ማቆም አቃታት።

ነገር ግን ከአሥር እንግዶች ዘጠኙ የሚያመጡት ያንኑ ነው፤ ወይ ሦስት መቶ ሰባ አምስት፣ ወይ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለውን ጥይት። በቃሌ ያጠናኋቸው ሌሎቹ ቁጥሮች በሙሉ ፋይል ውስጥ ብቻ የቀሩ ይመስለኝ ጀመር። ሽማግሌው የመጣው ያኔ ነው።

ሰባውን ያለፈ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር። ከአውሮፓ ነው የመጣው። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው እስከ ዛሬ «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው፤ በአማርኛ ቢሆን አንቱ እንጂ ሌላ አልለውም ነበር። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ሲያወጣው እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ድረስ ይሄዳል። አጭርና ቀጭን ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያ ይመስላል። ወረቀቱን ሳየው ልቤ ዘለለ። ስድስት ነጥብ አምስት በሃምሳ አራት። አንድም ፋይል ላይ አላየሁትም።

«ጥይቱስ?» አሉት አለቃዬ።

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ሽማግሌው። ጥይት ከጠመንጃው ተለይቶ በሌላ ሻንጣ ነው የሚጓዘው፤ ያ ሻንጣ ደግሞ መንገድ ላይ ቀርቷል። የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ወደ ባሌ መውጫው በአራተኛው ቀን ነው።

አለቃዬ አልተጨነቁም። «የኛን ሦስት መቶ ሰባ አምስት እንሰጥሃለን። ጥይቱም ሞልቷል።»

ሽማግሌው አመሰገነ። ጥሩ ጠመንጃ እንደሆነም አመነ። ከዚያ የራሱን እንጨት በመዳፉ እያሻሸ «ይሄ ግን የአባቴ ነው። በሌላ ተኩሼ አላውቅም። ጥይት ካልተገኘ ተራራውን አይቼ እመለሳለሁ፤ ምንም አይደለም» አለ። ምንም እንዳልሆነ ሲናገር ግን ፊቱ ሌላ ነበር።

አለቃዬ ከተማ ውስጥ ወዳሉት አዳኞች ሁሉ ደወሉ። አንዱ ሳቀባቸው። ሌላው «እሱ ጥይት አሁንም ይሠራል እንዴ?» አላቸው። እኔ በዚህ መሃል የቢሮውን የስልክ መመዝገቢያ ደብተር ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ከኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ የደወለን ሰው ሁሉ ትጽፍ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በመስከረም ወር፦ «አንዲት ሴትዮ፣ የ6.5 በ54 ጥይት ጠያቂ። የለም ተብለዋል።» በሚቀጥለው መስከረምም እንደዚያው። በሚቀጥለውም። አራት መስከረም፣ አራት «የለም»፣ አንድ ስልክ ቁጥር።

ወዲያው ደወልኩ። ከየት እንደምደውል ገና ተናግሬ ሳልጨርስ የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ «ተገኘ?» አለኝ።

«አይ፣ ይቅርታ… ማለቴ፣ እኛም ጠፍቶብን ነው።»

ቀጥሎ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ የስልኩን እጀታ ከጆሮዬ እስካርቀው ድረስ ሳቁ። «በይ ጠመንጃውንም ሰውየውንም ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ።

ቤታቸው መስቀል ፍላወር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቤት ውስጥም ካፖርት የሚለብሱ። እሳቸውም እንዲህ ያለ ጠመንጃ አላቸው፤ ከነፈቃዱ የወረሱት በደን ጥበቃ ሥራ ላይ ከነበሩ አባታቸው ነው። ተኩስ ያስተማሯቸውም እሳቸው ናቸው። ከመኝታ ቤት ይዘውት ሲወጡ ሽማግሌው ከመቀመጫው ተነሣ። ሁለቱን ጠመንጃዎች የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። መንታ ናቸው። የመምህርቷ ብቻ እንጨቱ ላይ ትንሽ ተፍቋል።

እኔ ላስተረጉም ነበር የሄድኩት፤ ማንም አልፈለገኝም። መምህርቷ በክፍል እንግሊዝኛቸው፣ ቃል በቃል እየረገጡ ይናገራሉ፤ ሽማግሌው ገና ሳይጨርሱ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ጀምሮ ሌላው ይጨርሰዋል። የትከሻ ምቱ ቀላል ነው፤ ጥይቷ ቀጭንና ረጅም ናት፤ ቀጥ ብላ ትገባለች። እንደ ትልልቆቹ ጆሮ አታደነቁርም። ሽማግሌው አገሩም ላይ የአደን ጓደኞቹ የአያት ጠመንጃ እያሉ እንደሚቀልዱበት ነገረን።

«ታዲያ ይሄን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምንድን ነው ሰው የማይዘው?» አልኩ በአማርኛ።

መምህርቷ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆሙ ሆኑ። «ቀላል ነው። ባለሱቁ ጠያቂ ስለሌለ አያመጣም። ሰው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ስለሌለ አይጠይቅም። ወታደር ቤት የሚጠቀምበት ቢሆን ጥይቱ በየቦታው ይገኝ ነበር። ወንድሞቼ ስንት ጊዜ ሽጠሽው እንደ ሰው ሌላ ግዢ ብለውኛል።»

«ለምን አልሸጡትም?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንደኛ ትከሻዬን ያውቀዋል። ሁለተኛ ደግሞ፣ አልዋሽሽም ልጄ፣ ማንም የሌለውን መያዝ ደስ ይላል።» ይህን ሲሉ አፍረው እንደ ተማሪ አፋቸውን ሸፈኑ።

ከቁም ሳጥን ውስጥ የኮምፓስና የማስመሪያ ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ በጥጥ የተጠቀለሉ አሥራ አራት ጥይቶች አሉ። ያሏቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ እንዳያልቁባቸው ፈርተው ለዘጠኝ ዓመት አንድም አልተኮሱም። ሽማግሌው ቆጠራቸው። ስጡኝ ለማለት ድፍረቱን አጣ። መምህርቷ ሰባቱን አንድ ባንድ ወደሱ ገፉለት።

«አንድ ነገር ግን አለኝ» አሉ። «ከመሄድህ በፊት ተኩሰህ የጠመንጃህን ማነጣጠሪያ ማስተካከልህ አይቀርም። ያን ቀን አብሬህ እሄድና አንዷን እኔ እተኩሳለሁ።»

ጥይት ያለ ወረቀት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በማግሥቱ ማመልከቻ ጽፌ ፈቃድ ሰጪው ዘንድ ሄድኩ። ሠራተኛው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ «እንዲህ የሚባል ጥይት የለም» አለኝ።

«ትናንት ሰባቱን በእጄ ይዣለሁ» አልኩት።

«ሃምሳ አራቱ ምንድን ነው?»

ያኔ አለቃዬን ሆንኩ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ወረቀት ላይ ቀለሃ ሣልኩለት፤ ውፍረቱን፣ ቁመቱን፣ ለምን ብርቅ እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ከጎኑ ያለችው ሠራተኛም ወንበሯን ስባ መጣች። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» በሚለው ረድፍ በእጁ ጻፈና ማህተሙን መታ። ደረጃውን የወረድኩት ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ሄድን። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ሦስቱም መሃሉን ከበው ተቀመጡ። ከዚያ መምህርቷ ካፖርታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝ፤ የአባታቸውን ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አስገቡ። አጭሩ ሰውነታቸው ቀጥ አለ። እኔ ካፖርቱን አፌ ላይ ጫንኩት። ድምፁ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር። አለቃዬ በርቀት ማያ መነጽራቸው ዒላማውን አዩት። ከዚያ መነጽሩን ለሽማግሌው አቀበሉት። ጥይቷ ድፍን መሃሉ ላይ ነበረች።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። መምህርቷ ግን እሱን አላዩትም፤ ጠመንጃውን ካስቀመጡ በኋላ እጆቼን ይዘው ይዘሉ ጀመር። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ መነጽር። እኔም ዘለልኩ። ከዚያ ባምቢስ ኬክ ቤት ገብተን አራታችንም ሁለት ሁለት ኬክ በላን። መምህርቷ አስተናጋጁን ሳይቀር ማን እንደተኮሰ ነገሩት።

ሽማግሌው ከባሌ የተመለሰው አንድ ትልቅ ድኩላ ጥሎ ነው፤ በአንድ ጥይት። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ሙሉ ፓኮ ጥይት በመምህርቷ ስም ወረቀት አስጨርሶ ይዞላቸው ገባ። የዒላማውን ነገር ያልረሱት አለቃዬ ደግሞ ለመምህርቷ የአደን ፈቃድ አውጥተው ከሽማግሌው ጋር እንዲወጡ ጋበዟቸው። በሕይወታቸው እንስሳ ላይ ተኩሰው አያውቁም ነበር።

ከሄዱ በስምንተኛው ቀን ስልክ ጮኸ። መምህርቷ ከተራራው ጎባ ከተማ ወርደው ነው የደወሉት፤ መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሳትኩት» ይላሉ። «ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ? ሃያ ደቂቃ በሆዴ ተሳብኩ። ድኩላው ፊት ለፊቴ ቆመ። ሳትኩት። ከእግሩ ሥር አፈር ብድግ አለ፤ አየኝ፤ ከዚያ ዝም ብሎ በእግሩ ሄደ።»

መናገር አቅቷቸው ይስቃሉ። እኔም ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እስቃለሁ። አለቃዬ ከክፍላቸው ወጥተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ስተዋል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምኑ ያስቃል?»

አላውቅም አልኳቸው፤ እንባዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ።