ከሲሚንቶው ስንጥቅ የወጣችው ጀዕዳ

ናዲራ ዓረብ አገር፣ ራውዳ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠረች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ባቲ ገበያ ከእናቷ ጋር የመድኃኒት ቅጠል ትሸጥ ነበር። በእነሱ ሙያ ሥሩን ሳያዩ ለቅጠል ስም መስጠት ነውር ነው።

ዘንድሮ ከግቢው አጥር ሥር፣ ከሲሚንቶው ስንጥቅ፣ ስንዝር የማትሞላ አመድማ ተክል ነጭ አበባ አወጣች። የአሠሪዋ የማዳም ልጅ በስልኩ ፎቶ አነሳትና "ስልኩ በአንድ ዝናብ በቅላ የምትሞት አረም ናት ይላል" አለ።

"ያላ፣ ቶሎ ንቀያት!" አለች ማዳም።

ሌላ ሰው ቢሆን "ሐዲር፣ እሺ" ብሎ ይነቅል ነበር። ናዲራ ግን ተንበረከከች። ቅጠሏን አሽታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ከሥሯም አፈሩን በጣቷ ገለጥ አደረገች።

"ስልክህ ከላይ ብቻ ነው ያየው" አለችው ልጁን። "ና፣ ከታች እይ። ይኸው የአምናው ግንድ እንጨት ሆኗል፤ የዘንድሮው ከጎኑ በቅሏል። በበጋው ሐሩር ደርቃ ሞተች ስትሉ እዚሁ ነበረች። ጀዕዳ ናት፤ አያትህ ሆዳቸውን ሲያማቸው አፍልተው የሚጠጧት።"

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ብትሆንስ? ግቢዬን አበላሸችብኝ። ንቀያት አልኩሽ!" አለች ማዳም።

ናዲራ ተነስታ የእጇን አፈር አራገፈች። "አልነቅልም። እኔ ከውጭ መጥቼ በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የምኖር ነኝ፤ ከፈለግሽ ወደ አገሬ መልሺኝ። እሷ ግን የአገሩ ናት። ቪላሽ ነው መጥቶ የተቀመጠባት።"

ከዚያ መጥረጊያዋን አንስታ ግቢውን ጠረገች፤ አበባዋ ጋ ስትደርስ ዙሪያዋን ጠርጋ አለፈቻት።