ደብሪቱ እና የደባርቅ ግንበኞች

ደብሪቱ ዋሴ የዳባት ልጅ ናት። አዲስ አበባ የቅየሳና የግንባታ ሥራ ተምራ ስትመለስ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የተመደበችው ደባርቅ ማዘጋጃ ቤት ነው። በዚያን ዘመን በአካባቢያችን ሰፈርና መንገድ ማቀድ የተማረ ሰው ከእሷ በቀር አልነበረም። «መሐንዲሷ» አልናት። «ኧረ እኔ ቀያሽ ነኝ» ብትል ማን ሰምቷት!

ከተማው እንደ ሊጥ ኩፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ከገጠር የሚገባው ሰው በዛ፤ ቦታ የተመራ ሁሉ ችካሉን ተክሎ ጭቃውን ይረግጣል። ደብሪቱ ጠዋት የአጥር ጠብ ትዳኛለች፣ ከሰዓት በኋላ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከምንጭ እንዲርቅ ትከራከራለች፣ በማግስቱ በሾፌሩ በአገኘሁ የእህል መኪና ላይ ተሳፍራ ዳባት ትሄዳለች። መኪና ለማይደርስበት ለመካነ ብርሃንማ በቅሎ መለመን ነበረባት። «መሐንዲሷን ከማግኘት የጥር ዝናብ ማግኘት ይቀላል» ይባል ጀመር። ያላማረረው ሾፌሩ አገኘሁ ብቻ ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ስላገኛት አገባት።

ረዳት እንዲሰጧት ጎንደር ድረስ ሄዳ ጠየቀች። «ሰው የለም» አሏት። ተናዳ ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ግን ንዴቷ ወደ ሐሳብ ተለወጠ። ቤት የሚሠሩት ግንበኛና አናጢ ናቸው፤ እነሱ ካወቁ እሷ ሁሉም ቦታ መገኘት የለባትም።

የግንበኞቹ አውራ ጋሽ ባሽር ነበሩ። ድንጋይ ሲጠርቡ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ባሽር፣ ግንበኞቹን ቢሰበስቡልኝ ፕላን ማንበብ ላስተምራቸው ነበር።»

«አንቺ? የልጄ የዙሀራ እኩያ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። እርስዎ ደግሞ ድንጋይ ጠረባ ያስተምሩኛል። እኛን ያስተማሩን በወረቀት ነው።»

ሳቁና መሮና መዶሻውን አቀበሏት። በመጀመሪያው ምት አውራ ጣቷን አገኘችው።

«በይ፣ ሁላችንም የጀመርነው እንዲሁ ነው» አሏት።

ትምህርቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተጀመረ። አናጢው ያርጋል መጣ፤ ግድግዳ በመምረግ የምትታወቀው በለጠችም መጣች። ደብሪቱ ዳገቱ ላይ ታወጣቸውና በባልዲ ውሃ ታፈሳለች፤ ውሃው በየት እንደሚሄድ ይከራከራሉ፤ መውረጃው ላይ ቤት እንዳይሠራ ችካል ይተክላሉ።

አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምለው በሩ ላይ ቆመ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም።

«ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?»

ደብሪቱ ድምፅዋን አጠነከረች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስብሰባ አይደለም፤ ትምህርት ነው።»

«የምን ትምህርት?»

«ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ።»

«ጎርፍማ ወደ ታች ነው የሚወርደው!»

«ከታች ደግሞ የማን ቤት አለ?»

ከታች ያለው የደምለው የራሱ ቤት ነበር፤ ባለፈው ክረምት አልጋው ተንሳፍፎ ነበር። በለጠች ሳቋን መያዝ አቃታት። ደምለው ገላመጣትና አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ቀጥሉ» አለ። ሲወጣ ግን ትእዛዝ ሰጠ፤ ክፍሉ «የግንበኞች የውይይት ክበብ» ይባል፣ ትምህርቱም በመፈክር ይከፈት። ከዚያ ወዲያ ግራ እጃቸውን አንሥተው መፈክር ያሰማሉ፣ ያንኑ እጅ አውርደው የግድግዳ ቀጥታ የሚለኩበትን ቱምቢ ይይዛሉ።

ደብሪቱ አረገዘች። ምጡ ጸናባትና ጎንደር ወሰዷት፤ ወልዳም ቶሎ አላገገመችም። በዚህ መሃል ከገጠር ለገባው ሰው የታቀደው አዲሱ ሰፈር ክረምት ሳይገባ እንዲመራ ተወሰነ። ፕላኑን ሠርታው ነበር፤ መሬት ላይ የሚያወርደው ግን አልነበረም። ጋሽ ባሽር ፕላኑንና ክበቡን ይዘው ሊቀይሱ ወጡ።

አገኘሁ ከወራት በኋላ ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ ሲመለስ፣ «ሰፈሩን ላሳይሽ» ብሎ መኪናውን ወደዚያው አዞረው። ቤቶቹ በመሥመር ቆመዋል፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ በድንጋይ ተይዟል። ደብሪቱ ደስታዋን ሳትጨርስ መኪናው በሁለት አጥር መካከል ተቀረቀረ።

«ይህን መንገድ ማነው የለካው?» ብላ በመስኮት ጮኸች።

«እኔ» አለ ያርጋል አንገቱን ደፍቶ። «ገመዱ ዝናብ መቶት ኖሮ አጥሯል።»

«ገመድ ሲረጥብ እንደሚያጥር ሳልነግራችሁ ቀርቼ ነው!» አለችና መሳቅ ጀመረች፤ ሁሉም ሳቁ። የአጥሩ ባለቤት ብቻ አልሳቀም። እየተነጫነጨ አጥሩን ሲነቅል አገዙት፤ መኪናውም ወጣ።

ሐምሌ ላይ ከባዱ ዝናብ መጣ። ደብሪቱ ሕፃኑን ለአገኘሁ ትታ ወደ ቦዩ ሮጠች። ጋሽ ባሽር፣ ያርጋልና በለጠች ቀድመዋት በአንድ ቤት ክፈፍ ሥር ተጠልለዋል። ድፍርሱ ጎርፍ በቦዩ እየጋለበ ሰፈሩን አቋርጦ ወደ ሸለቆው ወረደ፤ የማንንም ደጃፍ አልነካም። ደምለው ከታች በራፉ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበ። ደብሪቱ ለምን እንዳለቀሰች ለራሷም አልገባትም።

በሚቀጥለው ዓመት ዳባትም ክፍል ከፈተች፤ ጋሽ ባሽር ድንጋይ ጠረባ ያስተምሩላት ነበር። የዳባት ግንበኞች «ከደባርቅ መጥተው እኛን ሊያስተምሩ?» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «እኛ በሐምሌ ዝናብ ለጥ ብለን ተኝተን እናድራለን፤ እናንተስ?» ይሏቸው ነበር።