ጤፍ የማያሳልፍ ወንፊት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተሰጠኝ መሣሪያ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነበር። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ጋራዥ ስገባ ገና በዕለቱ ሞተር የምፈታ መስሎኝ አዲስ ቱታ ለብሼ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሙሉዓለም ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና ብሩሹን አቀበሉኝ። ጥግ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል አሳይተው ራዲያተሩን አጽዳ አሉኝ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ራዲያተር ከሞተሩ ሙቀት ይዞ የመጣው ውሃ የሚበርድበት ነው። ከፊት ጎማው ኋላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይታሰራል። ፊቱ ተጠጋግተው በተደረደሩ ስስ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ነው። ነፋስ በቅጠሎቹ መካከል ካላለፈ ውሃው አይበርድም፤ ውሃው ካልበረደ ሞተሩ ይፈላል።

የዚያን ቀኑ ራዲያተር ግን ቅጠልም አይታይበት። ፌንጣው፣ ንቡ፣ የእሳት እራቱ፣ የጤፍ እብቁና አቧራው አንድ ላይ ተለንቅጦ ደርቆበታል። ቀኑን ሙሉ ስፈትግ ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ሙሉዓለም ራዲያተሩን ወደ ፀሐይ አንስተው በውስጡ አጮለቁና ሦስት ቅጠል አጣምመሃል አሉኝ። የቀናውን ሁሉ ትተው የጠመመውን ሦስት ቆጠሩብኝ። ጥዬ ልሄድ ነበር፤ አዲሱ ቱታ አሳፍሮኝ ቀረሁ።

ከአጣቢነት ወደ ጎማ ጠጋኝ፣ ከጠጋኝ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ መካኒክ እያልኩ ወጣሁ። መጀመሪያ አካባቢ አብዛኛው ሞተር በነፋስ ብቻ የሚበርድ ነበር። በውሃ የሚበርዱት እየበዙ ሲመጡ በጥርስ ብሩሽ የጀመርኩት ሰውዬ የራዲያተር ሐኪም ተባልኩ። ስሙን እወደው ነበር፤ አልዋሽም። ሳልወደው ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ከደንበኞቻችን አንዷ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ብርቱካን ነበረች። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ አንተና አንቺ እንባባላለን። በደብረ ኤልያስ መንገድ ወዳሉት ቀበሌዎች የከብት ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዛ ትወጣለች። በመኸር ወቅት ግን በየመንገዱ ዳር አውድማ ነው፤ አየሩ እብቅ፣ ሣሩ ፌንጣ። ሞተሯ በየሳምንቱ እየፈላ ይመለሳል። እኔ አጸዳለሁ፣ እሷ ትሄዳለች፣ ተመልሶ ይደፈናል።

አንድ ቀን መጥታ አባ ሰንጋ አጎራባች ቀበሌ ገብቷል አለችኝ። አባ ሰንጋ ጠዋት የጠመዱትን በሬ ማታ የሚያስቀብር በሽታ ነው። የምትከትብላቸው ገበሬዎች ለሐሙስ በሬዎቻቸውን ከውቂያ አቁመው ሊጠብቋት ተስማምተዋል። መንገድ ላይ ከቆመች በረዶው ይሟሟል፤ በረዶው ከሟሟ መድኃኒቱ ዋጋ የለውም። እንዳይደፈን አድርገህ ሥራልኝ አለች።

ጋሽ ሙሉዓለም ደህና አጽድተህ ስጣት፣ ሌላ ነገር አትጨምር አሉ። እኔ ግን ሐሳቡ ቀድሞ መጥቶልኝ ነበር። ከእህል ሁሉ ደቃቁ ጤፍ ነው። ጤፍ የማያሳልፍ ወንፊት ከራዲያተሩ ፊት ቢታሰር ምን ሊያልፍ ይችላል? ቤት ሄጄ ባለቤቴ የጤፍ ዱቄት የምትነፋበትን ወንፊት አነሣሁ። ደብቄ ነው የወሰድኩት፤ አሁን ታውቃለች።

ወንፊቱን በራዲያተሩ ልክ ቆርጬ በሽቦ አጥብቄ አሰርኩት። ጓደኞቼን ሰብስቤ አንድ እፍኝ ጤፍ በተንኩበት። አንዲት ፍሬ አላለፈችም። ሞተሩን አስነሥቼ ግማሽ ሰዓት አቆየሁት፤ የሙቀት መለኪያው ፍንክች አላለም። ጋራዡ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ጋሽ ሙሉዓለም ብቻ ቆመው ሲያዩ ቆዩና “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” አሉ። “ቆሞ ነው የሞከርከው። መንገድ ላይስ?” በሰዓቱ ቅናት መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ዶክተር ብርቱካን ነበረች። ከመንገዱ አጋማሽ ሳትደርስ ሞተሩ ፈልቷል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ፈጥኖ ፈልቶ አያውቅም። የሚያልፍ መኪና አጥታ ቆይታ፣ ሰው ሲደርስላት በረዶው ውሃ ሆኗል። ገበሬዎቹ በሬዎቻቸውን ይዘው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ተበትነዋል። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

“ለሚቀጥለው ሐሙስ ድጋሚ ለምኛቸዋለሁ” አለች። “ሁለተኛ ይመጣሉ። ሦስተኛ ግን አይመጡልኝም።”

ወንፊቱን ወዲያው ፈትቼ መጣል ይቻል ነበር። ያን ባደርግ ግን እብቁ ራሱን ራዲያተሩን ሊደፍነው ነው፤ ወደ ድሮው መመለስ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ያንኑ ወንፊት አጽድቼ መልሼ አሰርኩና ጋራዥ በተመለሰው በእሷ ሞተር ራሴ ወጣሁ። ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ብዙም አልሄድኩ። መለኪያው ቀዩን ሲነካ ከአንድ አውድማ ዳር ነበርኩ። ሞተሩን አጥፍቼ እየገፋሁ አውድማው ጠርዝ ላይ አቆምኩት። ወንፊቱ በእብቅ ተለስኖ ግድግዳ ሆኗል። ተንበርክኬ እሱን ስፍቅ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ጮኹብኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ ከነፋሱ ፊት ውጣ!”

ላይዳቸውን፣ እህል ወደ ላይ የሚወረውሩበትን የእንጨት አካፋ፣ አንሥተው ቆመዋል። እህል ለነፋስ ሲዘራ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ማንም አይቆምም፤ ይህ የአውድማ ሕግ ነው። ፍሬው ከእብቁ የሚለየው በነፋሱ ነውና ነፋስ የዘጋ ሰው ምርት እንዳበላሸ ይቆጠራል። የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሞተሩን ወደ ጎን ገፋሁት።

ሽማግሌው አያ ፈንቴ ይባላሉ። ውሃ ሰጡኝና የመጣሁበትን ጠየቁኝ። ያለፈው ሐሙስ ለክትባት ተብለው በሬዎቻቸውን አስረው መዋላቸውን፣ ውቂያው አንድ ቀን እንደባከነባቸው፣ ሐኪሟም እንደቀረች አጫወቱኝ። የውሃውን ጣሳ አስቀመጥኩ።

“እሷ አልቀረችም፤ እኔ ነኝ ያስቀረኋት” አልኳቸው። ወንፊቱንም አሳየኋቸው።

ተቀብለው አገላበጡት። የሚሰድቡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

“ልጄ፣ ይህ እኮ የዱቄት ነው” አሉ። “ዱቄት የሚነፋ ሰው ቤት ዘግቶ ነው፤ ነፋስ አይፈልግም። አንተ የምትፈልገው ነፋሱን አይደለም እንዴ? እኛ እብቁን አንይዘውም። መንገዱን እናሳየዋለን፣ ይሄዳል።”

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ዓይኑ ሰፊ የሆነ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያሳልፍ አሮጌ የሽቦ ወንፊት አውድማው ዳር ወድቆ ነበር። አነሣሁትና ለነፋሱ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ገለባውና እብቁ መጥቶ ተለጠፈበት። የላይኛውን ጫፍ ወደ ኋላ ጋደል አድርጌ የታችኛውን ወደ ፊት አስቀደምኩት፤ እብቁ ወደ ላይ እየተንሸራተተ በላዩ አልፎ ሄደ። ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም ሄደ። እየዘለልኩ የአያ ፈንቴን ጉልበት ልስም ወረድኩ። ልጆቻቸው ሥራ አቁመው ሳቁብኝ፤ ግድ አልነበረኝም።

አያ ፈንቴ ወንፊቱን ውሰደው አሉኝ። “ሐሙስ በሬዎቼን አወጣለሁ፤ ሌላውም የእኔን አይቶ ያወጣል። አንተም ከሷ ጋር ና” አሉ። እንድመጣ የፈለጉት ያባከንኩባቸውን ቀን በጉልበቴ እንድክስ መሆኑ ገብቶኛል።

የዱቄቱን ወንፊት እዚያው ፈትቼ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ውሃ ሞልቼ ተመለስኩ። በማግስቱ ከላሜራ ክፈፍ ቆረጥኩ። ሰፊ ዓይኑን ወንፊት ወጥሬ፣ ጋደል አድርጌ፣ ከራዲያተሩ አራት ጣት አራርቄ አሰርኩት፤ ጎንና ጎኑን ለነፋስ ክፍት ተውኩ። በአንድ እጅ የሚፈታ መንጠቆም አበጀሁለት። ደቃቁ እብቅ ያልፋል፤ ይለፍ። እሱ በብሩሽ የሚወጣ ነው። ከዚያ እስከዚያ አውድማ ድረስ ነድቼው ተመለስኩ። መለኪያው ከመካከል አላለፈም። ጋሽ ሙሉዓለም ዞረው አዩትና አንድም ጥፋት አልቆጠሩብኝም፤ ከእሳቸው ይህ ምርቃት ነው።

ሐሙስ ዶክተር ነዳች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የበረዶ ሳጥኑን አቀፍኩ። ሦስት ቦታ አቁመን ወንፊቱን ነቅለን አራገፍን። ዓይኔ ከትከሻዋ በላይ መለኪያው ላይ ነበር። ጆሮዬ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ጎርባጣው ላይ በረዶው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ቋ ይላል። ያን ድምፅ ያን ቀን እንደወደድኩት ዘፈን ወድጄ አላውቅም።

ስንደርስ የቆሙት የአያ ፈንቴ ሁለት በሬዎች ብቻ ነበሩ። ዶክተር ሳጥኑን ከፈተች። አያ ፈንቴ አጎንብሰው በረዶውን በጣታቸው ነኩና ልጆቻቸውን ጎረቤት ጥሩ ብለው ላኩ። ከዚያ ከየአቅጣጫው የከብቱ መንጋ ይመጣ ጀመር። እኔ ቀንድ እየያዝኩ ስረዳ፣ አንድ በሬ አዲሱን ሳይሆን ያረጀውን ቱታዬን ቀደደው። ሳጥኑ ባዶ እስኪሆን ተከተቡ።

አሁን በአካባቢያችን በውሃ የሚበርድ ሞተር ያለው ሁሉ ጋደል ያለ ወንፊት ያስራል። በመጀመሪያው ዝናብ ክንፋሙ ምስጥ፣ አሸን፣ ሲፈላም ያገለግላል። ለባለቤቴ አዲስ ወንፊት ገዝቼላታለሁ፤ እኔ ስገባ እስካሁን ትደብቀዋለች።

ለዚህ ሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። ከራዲያተር ፊት ምንም ከማሰራችሁ በፊት ነፋሱ በየት እንደሚያልፍ እዩ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ራሳችሁ ነድታችሁ ሞክሩት። እኔ ይህን ሳላደርግ በመቅረቴ የአንድ ቀበሌ በሬ በከንቱ ታስሮ ውሏል።