ከደሴ ያወረድነው ጁክቦክስ

ከፋብሪካ ወጥቼ ጋሽ ሙሄ ዘንድ በኤሌክትሪሽያንነት የገባሁ ዕለት፣ እጄን ወደ ተከፈተ ጁክቦክስ ስሰድ ክንዴን ያዙኝ። ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውት፣ ድሮ በየሆቴሉ የነበረ ሣጥን ነው።

«ሶኬቱን ነቅያለሁ» አልኳቸው።

«ተነቅሎም ይገድላል። ኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረ ኮረንቲ አለ።» በካቻቢቴ ሲያስነኩት ብልጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ እጄን አስገብቼ አላውቅም።

ጋሽ ሙሄ ኮምቦልቻ በሚገኝ የቆርቆሮ መጋዘናቸው የድሮ የሳንቲም ማሽኖች ይሰበስባሉ፤ ጆተኒውም፣ የብረት ኳስ የሚመታበት ፍሊፐሩም፣ ጁክቦክሱም አለ። ሽቦው የእኔ ነው፣ ጥርሱና ሞላው የእሳቸው። የዛሬው ሳንቲም በቀዳዳው ስለማይገጥም በድሮው ልክ ከነሐስ ይቆርጣሉ።

አንድ ቀን ደሴ ፒያሳ ያለ አሮጌ ሆቴል ሊፈርስ መሆኑን ሰማን። ዕቃ ቤቱ ውስጥ መስታወቱ ያልተነካ ጁክቦክስ ነበር። ባለቤቱ «ዛሬ ካልወሰዳችሁት ነገ ከግድግዳው ጋር ይወድቃል» አለን።

ያገኘነው የሾፌሩን የይማምን አይሱዙ ነው። ጫንነው፤ ገመዱ ግን አጠረ። ጋሽ ሙሄ ከኋላ ወጡ።

«ጋሼ፣ ይውረዱ። ሌላ ገመድ እንፈልግ» አልኳቸው።

«እስኪገኝ ይመሻል። መስታወቱ ቢሰበር በምን እተካዋለሁ? አብሽሪ፣ ደግፌው እሄዳለሁ።»

ይማም አየኝ። ጋቢና ገባሁ።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስናጋምስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ይማም ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠ።

«ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አለ፣ በሹክሹክታ።

ማርሽ ቀነሰ፤ ሞተሩ ጮኸ። ከታች ሰው የሞላ ባጃጅ እየወጣ ነው። በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ።

«ተራራው ላይ ላስጠጋው ነው። ሽማግሌውን ሣጥኑን ይልቀቁ በያቸው።»

የኋላውን መስኮት ደበደብኩ። «ጋሼ፣ ይልቀቁት! ይተኙ!»

ሰምተውኛል። ዓይኔን አዩና ሣጥኑን ጭራሽ አቀፉት።

ጎናችን ተራራውን እየፋቀ ሄዶ ቆመ። ባጃጁ አልፎን ቆመ። ስወርድ ጁክቦክሱ በቀኝ እጃቸው ላይ ተጋድሟል። ከባጃጁ ሾፌር ጋር ሆነን አነሳንላቸው።

«መስታወቱስ?» አሉ።

«እጅዎን ይዩ» አልኳቸው። ተቆጥቼ ያነጋገርኳቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

መስታወቱ ደህና ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ቆረጡ። ይማም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ «ወላሂ ፍሬኑን ጠዋት ፈትሼው ነበር» ይላል። አመንኩት።

ጁክቦክሱን ጠግነን የሞከርን ዕለት ጋሽ ሙሄ ሳንቲሙን በግራ እጃቸው ሊያስገቡ ቢሉ ወደቀባቸው። ደግመው ሞከሩ፣ ወደቀ። «አንቺ አስገቢው» አሉኝ። አስገባሁት፤ ዘፈኑ ተጫወተ።

ከዚያ በኋላ የጥርሱንና የሞላውን ሥራ እየነገሩኝ እኔ እሠራው ጀመር። አንድ ከሰዓት ሞላ ስገጥም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «መስታወቱ ቢሰበር ኖሮ ፕላስቲክ አስቆርጬ እገጥም ነበር» አሉ።

አሁን መጋዘኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ማሽን ሲጫን ሰው ከኋላ አይወጣም። ገመድ ካጠረ ጉዞው ለነገ ያድራል፤ ነገ የማይገኝ ዕቃ ከሆነም ይቀራል።