ሳቲር የሚባለው ሰው

የያዙኝ በትሕትና ነው። ድሬ ውስጥ ከዚራ ከሚባለው ሰፈር ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ሰዎች ከዛፎቹ ጥላ ወጡና ግራና ቀኜን ይዘው «ለአንድ አፍታ ይፈለጋሉ» አሉኝ። አፍታዋ ረዘመች። ጣቢያ እንደደረስኩ ቀበቶዬን፣ ክራባቴንና የጫማዬን ማሰሪያ አስፈቱኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ወታደሩ «ገመድ የሚሆን ነገር ወደ ውስጥ አይገባም» አለኝ። መንግሥት ለአንገቴ ይህን ያህል እንደሚጨነቅ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ጥፋቴ ቀልድ ነበር። በዚያ ሰሞን ከባሕር ማዶ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ በከተማችን አጥሩ ኖራ ይቀባል፣ ለማኙ ይሰበሰባል። አንድ ሹም ደግሞ ሙስሊም ሴቶች ተሸፋፍነው ወደ መሥሪያ ቤት እንዳይገቡ፣ በባቡር ጣቢያው ዙሪያም እንዳይታዩ አዘዘ። ትእዛዙ በቃል ነበር፤ በር ጠባቂዎች ግን ከተጻፈው ሕግ ይልቅ ያልተጻፈውን አጥብቀው ያስከብራሉ። ከዚራ ባለ አንድ ክበብ ውስጥ «መሸፋፈን የሥልጣኔ እንቅፋት ነውን?» የሚል ክርክር ተዘጋጀ። አዳራሹ ውስጥ የተሸፈነች ሴት አልነበረችም። ያልተሸፈነችም አልነበረችም። ተናጋሪው ሁሉ እየተነሣ «ነው» ብሎ ተቀመጠ።

እኔም መሸፋፈኑን አልወደውም ነበር። ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ ሳይ ገላዬን ያሳክከኛል። ተነሣሁና «የሰው ሚስት ፊት ከመግለጣችን በፊት ሹሞቻችን የራሳቸውን ይግለጡልን፤ ከስሩ ምን እንዳለ አይተን አናውቅም» አልኩ። ሰው ሳቀ። አንድ ሰው አልሳቀም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው አሁንም ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ሲበረታበት ይንጣጣል፣ ከሥሩ ያለነው እንደ ቆሎ እንታመሳለን። ወደ ግቢው የሚያይ ፍርግርግ ያለው አንድ መስኮት ነበረው። ከመስኮቱ ሥር ጢሙን ሂና የቀባ ወፍራም ሰው ተጋድሟል። አንቱታ በድሬ ብዙ ቦታ የለውም፤ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«አንተ ምን ሰረቅክ?»

«ምንም። ተናገርኩ።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

«አቦ!» አለና ተነሥቶ ተቀመጠ። «እኔ እንኳን ሸጬ ነው የታሰርኩት።»

የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ሻሽና ሽርጥ፣ ቀረጥ ሳያይ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ይሸጣል። አስተማሪ መሆኔንና ጉዳዬን ስነግረው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«በል ኡስታዝ፣ ለእኔ ነው የተከራከርክልኝ! ሻሽ ከከለከሉ ምን ልሸጥ ነው? ባርኔጣ?»

«ለአንተ ገበያ ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም ማለት ነው?»

«ለሚስቴ ዲን ነው፣ ለእኔ ገበያ ነው። አላህ ሁለታችንንም ያውቀናል።»

በማግስቱ አንዲት ሴትዮ አመጡ። ከእሷ በፊት ድምፅዋ ገባ። «እጅህን አንሳ! አንተ እናት የለህም?» እያለች ነበር። ታሪኳን በኋላ በግድግዳው በኩል ሰማነው። የሟች ባሏን ቤት በስሟ ለማዛወር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። በር ጠባቂው የፊት መሸፈኛዋን እያሳየ «ይሄን አውልቂ» አላት። አላወልቅም አለች። እጁን ሰዶ ጎተተው። ጫማዋን አወለቀችና ፊቱን አለችው። «አውልቂ ካለኝ አይቀር ያወለቅኩት ጫማዬን ነው» ስትል ነጋዴው በደስታ ግድግዳውን ደበደበ።

ጣቢያው ግን ሕግ አለው፤ ገመድ የሚሆን ነገር አይገባም። ኒቃቧንም፣ ከሥሩ ያለውን ሻሿንም ወሰዱባት። ውጭ ለሥልጣኔ ብለው፣ ውስጥ ለነፍሷ ብለው፤ በዚህም ሆነ በዚያ ራሷ ተገለጠ።

የሴቶቹ ክፍል ከእኛ ጎን ነው። ወደ መጸዳጃው የሚኬደው በመስኮታችን ፊት ነው። ያን ቀን የበሯ ብረት ሲንኳኳ ነጋዴው እንደ ወጣት ዘሎ ተነሣ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በሙሉ ድምፁ «ያ ሳቲር!» አለ። እጅጌዬን ጎተተኝ። «ዙር አቦ! ዙር!»

ዞርኩ። አፍንጫዬን ማሽላ በሚሸተው ግድግዳ ላይ ለጥፌ ኮቴዋ እስኪያልፍ ቆምኩ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«እኛ ዘንድ ወንድ ወደ ሰው ግቢ ሲገባ እንዲህ ይላል። ሴቶቹ ሰምተው ይሸፈናሉ። አንተ የምትሸፍነው ሆይ ማለት ነው፤ አላህን ነው። እሷ አሁን በምን ትሸፈን? ጨርቅ የለኝም። ጀርባ ግን አለኝ፤ ያውም ሰፊ።»

ሴትዮዋ ስትመለስ ከግድግዳው ማዶ ጠየቀች። «ማነው እሱ?»

«የሻሽ ነጋዴው ነኝ።»

«ቀፊራ ያለኸው? ያንተ ሻሽ በአንድ እጥበት ለቀቀ!»

«ወላሂ ሳሙናሽ ነው!»

ከዚያ በኋላ በሯ በተንኳኳ ቁጥር ይጮሃል፣ እንዞራለን። ግቢውን የሚጠብቀው ልጅ እግር ወታደር ከደጋ የመጣ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አላለም። እንደ ታማኝ ሰው ለአለቃው ተናገረ፤ እኔም ተጠራሁ።

መኮንኑ ወንበር ሰጠኝ። ሻይ አስመጣልኝ።

«ሳጥር ማነው?» አለኝ።

«ምን አሉኝ?»

«አትደብቀኝ። ሴትዮዋ በወጣች ቁጥር ያ ሳጥር፣ ያ ሳጥር ትላላችሁ። ‹ያ› ካላችሁ ‹ይሄ›ም አለ ማለት ነው። ሁለት ናቸው?»

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ሰውየው አልቀለደም። በነጋዴው ዓረብኛ «ያ» ማለት «ሆይ» ነው። በእኛ አማርኛ ግን ራቅ ብሎ የቆመ ሰው እንጠቁምበታለን። በአንዲት ፊደል የተነሣ ፈጣሪ ተጠርጣሪ ሆነ።

«ሰው አይደለም» አልኩት። «የፈጣሪ መጠሪያ ነው። የሚሸፍን ማለት ነው።»

«ምን ይሸፍናል?»

«ነውር።»

«የማንን ነውር?»

መልስ ነበረኝ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን እጆቹን አየሁና ሻዬን ጠጣሁ።

«ለነጋዴው ንገረው» አለኝ ስነሣ። «ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይለቀቃል፤ ተነጋግረናል። ያ ስም አንዴ ከአፉ ከወጣ ግን አይለቀቅም። የሳጥር ሰው ነው ብዬ ነው የምልከው።»

ነገርኩት። ጢሙን አሻሸ።

«እኔ ጀግና አይደለሁም፣ ኡስታዝ» አለ። «ልጆች አሉኝ። ሱቁም ያለ እኔ አይሆንለትም።»

«ማን ጀግና ሁን አለህ?»

ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ያለ ድምፅ ዞርን። ስትመለስ ከማዶ «ዛሬ ዝም አላችሁ» አለች።

«ከልክለውናል» አላት።

«ዞራችኋል ግን?»

«ዞረናል።»

«ሃዬ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ጉልበት ከድምፅዋ ወጥቶ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። «ነገ ሁላችንንም በእግር ነው የሚወስዱን አሉ። በቀፊራ ውስጥ። እዚያ እኮ የማያውቀኝ የለም። ልጄን የዳርኩት እዚያ ነው። ራሴን ገልጬ በቀፊራ ከማልፍ እዚሁ ብሞት ይሻለኛል። እባካችሁ አንድ ጨርቅ ፈልጉልኝ።»

ወታደሩን ለመንኩ። «ገመድ ይሆናል» አለ። ሸሚዜን አውልቄ በፍርግርጉ በኩል ወደ እሷ መስኮት ልወረውር ሞከርኩ፤ መሬት ወደቀ፤ ወታደሩ አነሣውና ይዞት ሄደ። እኔ በካኒቴራ ቀረሁ። ነጋዴው ባዶ እጆቹን እያገላበጠ ያያል።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ከተማውን ያለበስኩ ሰው» አለ፤ አልጨረሰውም።

ጠዋት እኔንና ነጋዴውን በአንድ ካቴና አሰሩን። እሷን ከፊታችን አደረጓት። መኮንኑ በሌላ መንገድ እንዲወስዱን ማድረግ ይችል ነበር፤ ይሄኛው አጭር ነው አለ። እስከ ገበያው አፍ ድረስ ጋሪዎቹ ብቻ ነበሩ። ከዚያ የበርበሬው ሽታ መጣ፣ የግመሎቹ፣ የበሰለው ማንጎ። የገበያው ጫጫታም መጣ፤ ሶማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ አደርኛው፣ አማርኛው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ የሚጣላበት። ሴትዮዋ ቆመች። ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ አደረገች።

«እጅሽን አውርጂ» አላት ወታደሩ።

አላወረደችም። በያዘው ዱላ ጣቶቿን መታቸው። አወረደች።

ስለ ፀጉሯ የምጽፈው የለኝም። አላየሁትም።

ካቴናው ሲወጠር ተሰማኝ። ነጋዴው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ፍርድ ቤቱ ከገበያው ማዶ ነው፤ ዝም ካለ ማታ ቤቱ ያድራል። አልፈረድኩበትም። እኔ ሚስት የለኝም፣ ሱቅ የለኝም፤ ያለኝ ካኒቴራና ምላስ ነበር።

«ያ ሳጥር!» ብዬ ጮህኩ።

ማንም አልዞረም። ሽንኩርት የሚመዝን ሰው እንደ እብድ አየኝ፤ በካኒቴራ ቆሞ ስለማን አጥር እንደሚጮህ ያልገባው መሰለኝ። ደገምኩት። «ያ ሳጥር!»

«አቦ እንደሱ አይባልም!» አለ ነጋዴው፤ ጨርቁን አጣምሜ የቀደድኩበት ያህል ተናዶ። ከዚያም ዕድሜ ልኩን ሸማች በጠራበት ድምፅ፣ «ያ ሳቲር!» አለ። «ያ ሳቲር! ያ ሳቲር!»

መጀመሪያ የዞረው እህል ነጋዴው ነው፤ መስፈሪያው እጁ ላይ እንዳለ። ከዚያ ሥጋ ሻጮቹ። ከዚያ ተሸካሚዎቹ፣ ከነጆንያቸው። ቃሉ ከመደብ መደብ እየተቀባበለ ከፊታችን ሄደ፤ እኛ ሳንደርስ ጀርባዎቹ ደረሱ። ከደጋ የመጣች በርበሬ ሻጭ ነገሩ ባይገባትም ሰው ሁሉ ሲዞር ስታይ ዓይኖቿን በነጠላዋ ሸፈነች። ያልዞሩት ግመሎቹ ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ የቋንቋ ጫጫታ ጸጥ አለ። የሚሰማው የወታደሮቹ ጫማ ነበር፤ እነሱም የሚያያቸው ሰው ሲጠፋ አካሄዳቸው ተበላሸ። ያ ልጅ እግር ወታደር ግራና ቀኝ አየና ዱላውን ከብብቱ ሥር ከተተ። እሱም መሬት መሬቱን አየ።

ሴትዮዋ አልሮጠችም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በራሷ ግቢ ውስጥ እንዳለች፣ ገበያውን በዝግታ አቋረጠች። ማዶ ስንደርስ ፊቷን ሳታዞር «አስተማሪው፣ አንተ ዓረብኛ አትሞክር» አለችኝ።

ዳኛው ገሥጾ ለቀቃት። ከጣቢያው የመለሱላት ሻሽ የእሷ አልነበረም፤ አልቀበልም ብላ የእህቷን ተከናንባ ሄደች። ወደዚያ መሥሪያ ቤት በር ተመልሳ አልረገጠችም። ቤቱም በዚያው ቀረ፤ የባሏ ዘመዶች ወሰዱት። ጅቡቲ ልጇ ጋ ገባች ሲሉ ሰማሁ።

እኔን አንድ ዘመዴ ለአንድ ሰው እጅ ነሥቶ አስፈታኝ። ነጋዴውን አልለቀቁትም። መኮንኑ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር። የሳጥር ሰው ነው ተብሎ ደጋ ወዳለ እስር ቤት ተላከ፤ ብርድ የሚባል ነገር በወሬ ብቻ የሚያውቅ የድሬ ሰው። በዚያ ክረምት ሳንባውን ታመመ። ለመስከረም አልደረሰም።

ሐዘን ልደርስ ቤቱ የሄድኩት ፈርቼ፣ ዘግይቼ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ምን እንደሚባል አውቃለሁ ብዬ ደፋር ሆንኩና «ያ ሳጥር» አልኩ።

ከዚያ ሚስቱ በሩ ጀርባ መጥታ ቆመች።

«አንተ ነህ» አለችኝ። «ልጠይቀው ደጋ የሄድኩ ጊዜ ነግሮኛል። ‹አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ሳጥር ይልሻል፤ አስገቢው› ብሎኛል።» ገርበብ ያለውን በር ሳብ አደረገች። «‹እንደሱ አይባልም ብዬው ነበር፣ ሊማር ግን አልቻለም› ብሎ ሳቀ።»

ሰሞኑን ያው ክርክር ተመልሶ መጥቷል። ሌላ ሹም፣ ሌላ እንግዳ፣ ሌላ አዳራሽ። ልናገር ተጋብዣለሁ፤ በየትኛው ወገን እንደምቆም ጠየቁኝ። ስለ ጨርቁ ያለኝ አስተያየት አልተለወጠም፤ ዛሬም አልወደውም። ስለሚጎትተው እጅ ግን አስተያየቴን ካሁን በፊት በካኒቴራ ሆኜ ተናግሬያለሁ። የተሸፈነች ሴት ትናገራለች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እናስብበታለን አሉ። እስኪያስቡ እኔም እያሰብኩ ነው።

በየዒዱ ወደዚያ ቤት እሄዳለሁ። ቃሉን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቁርዓን አስተማሪ አስተካክሎልኛል፤ በሌላ ሰው በር ላይ አልሳሳትም። እዚያ በር ላይ ስደርስ ግን ጉሮሮዬን እጠርግና «ያ ሳጥር» እላለሁ። ከውስጥ የጨርቅ ኮሽታ ይሰማኛል። ቆማ ትጠብቃለች፤ የሚያርመኝ ሰው ይኖር ይመስል። ከዚያ «ግባ» ትለኛለች።