ያልተቀረቀረ ወረቀት

በእኛ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ የሶፋው መደገፊያም አለው። ፕሪንተር ገዝቼ ዲላ ያመጣሁ ዕለት እናቴ ካርቶኑ እንኳ ሳይጣል ወደ ጎረቤት ሄደች፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሪንተሩም ለበሰ። ነጭ ዳንቴል ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ ሰማያዊ ዘርፍ ወደ ታች ተለቅቆበታል። አቧራ ይከላከላል አሉኝ። ማሽን መተንፈስ አለበት ብዬ ተከራከርኩ፣ ማን ሰምቶኝ።

የሠሩት እትዬ ናቸው። እትዬ የምንላቸው ከባላቸው ጋር ከመሃል አገር መጥተው ዲላ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከእናቴ ጋር አጥር ለአጥር ኖረዋል። እነሱ ሙስሊም እኛ ክርስቲያን ስለሆንን በበዓል ሥጋ አንለዋወጥም። ለፋሲካ ግን ከእነሱ ቤት ዳቦ ይመጣል፣ ለኢድ ከእኛ ቤት ማር ይሄዳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእናቴ ተረት አይደለም። ዘመዶቿ ያሉት ሩቅ፣ ገደብ ከተማ ነው፤ ታማ ስትተኛ ቀድመው በሩን የሚያንኳኩት ግን እትዬ ናቸው።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጉልበታቸው ደከመ፤ ልጃቸውም አዲስ አበባ እሱ ዘንድ ሊወስዳቸው መጣ። መሄጃቸው እሑድ ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ አይሱዙ በራቸው ላይ ቆሞ ዕቃ ይጫንበታል። ልጃቸው ከቀትር በፊት ካልወጣን መንገድ ላይ ይመሽብናል እያለ ይቸኩላል።

እናቴ ይሄኔ ከቁም ሳጥኗ ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። እሷና እትዬ ገና ወጣት ሳሉ በሱቁ በር ላይ፣ አንድ ጥቅል ጨርቅ መካከላቸው ይዘው የተነሱት ነው።

«ይሄን አባዢልኝ። ባዶ እጇን አልሸኛትም» አለችኝ።

«ሳምንቱን ሙሉ የት ነበርሽ?»

«አሁን ትዝ አለኝ።»

ፎቶ ቤት ልሩጥ ስላት ከቤት አይወጣም አለች። እሺ፣ ምን ችግር አለው፤ ጫማሽን አድርገሽ ሳትጨርሺ ይደርሳል አልኳት። በማሽን የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የሰፈሩ ካውያና ምድጃ ሲበላሽም የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

ዳንቴሉን ገፍፌ ወንበር ላይ ጣልኩት። ወረቀት ከኋላ አስገባሁ፣ ፎቶውን መስታወቱ ላይ አስተኛሁና ኮፒ የሚለውን ተጫንኩ። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ ወረቀቱን ሳይነካው ቆመ፣ ወረቀት ተቀርቅሯል የሚል ጽሑፍ አወጣ። የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ውሸት ግን በየትኛውም ቋንቋ ውሸት ነው። ወረቀቱ ከኋላ ቀጥ ብሎ እንደቆመ አየዋለሁ።

አጠፋሁት፣ ከሶኬቱ ነቀልኩት፣ ጥቂት ቆይቼ መለስኩት። ተቀርቅሯል። ወረቀቱን ሁሉ አውጥቼ ባዶውን አስነሳሁት። ባዶ ሆዱንም ተቀርቅሯል አለ። የላይኛውን ክዳን ከፍቼ የቀለሙን መያዣ ወዲያና ወዲህ ገፋሁት፤ ያለችግር ይሄዳል። የኋላውን ክዳን አውልቄ በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁ። ቁራጭ ወረቀት የለም።

«የቡና ገለባ ነው» አልኩ በሙሉ ልብ።

ዲላ ውስጥ ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ የሚከሰሰው የቡና ገለባ ነው። የመኪና ራዲያተር ሲደፈን እሱ፣ ቴሌቪዥን ድምፁ ሲጠፋ እሱ። ወቅቱም ገለባውን የሚገፍፉት የቡና መቀሸሪያ ወፍጮዎች ሥራ የሚበዛባቸው ጊዜ ስለነበር ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ብናኙ በመስኮት ይገባል። ወረቀት የሚስቡትን ጎማዎች በእርጥብ ጨርቅ ፈተግኳቸው፤ በእርግጥም ቡናማ ብናኝ ወጣ። ጨርቁን ለእናቴ አሳየኋትና እንደገና ተጫንኩ። ተቀርቅሯል። ያን ጊዜ ማሽኑን ሰደብኩት፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም።

እናቴ ይህን ሁሉ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«ቀስ በይ ልጄ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

«መኪናው ቆሟል እኮ።»

«ቢሆንም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እማዬ፣ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ አይሱዙው ሀዋሳ ይደርሳል።»

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካልተሠራ ግን ይጠብቃሉ አይደል?» አለች።

«ይሠራል፣ አታስቢ» አልኳት። ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም።

እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡ። ዕቃው ተጭኖ አልቋል።

«ምነው ጠፋሽ? ሳትሰናበቺኝ ልሂድ?» አሏት።

«ማሽኑ እምቢ ብሏል፤ ተቀመጪ።»

«ልጁ እኮ ክላክስ እየመታ ነው።»

«እምቢ ብሏል አልኩሽ። ተቀመጪ።»

ተቀመጡ። ፎቶውን አንስተው በጥቅሉ ጨርቅ ቀለም ይከራከሩ ጀመር። እትዬ አረንጓዴ ነበር ይላሉ፣ እናቴ ሰማያዊ ነበር ትላለች፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለማንም አይመሰክርም። ልጃቸው በሩ ላይ ብቅ ሲል ፎቶዬን ሳልይዝ አልነሳም ብለው መለሱት።

እኔ በዚህ መሃል ገለባውን ትቼ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ማሽኑ ዓይን የለውም፤ ታዲያ ወረቀት መኖሩን በምን ያውቃል? ወረቀት ሲያልፍ የሚጫናት፣ ካለፈ በኋላ ተመልሳ የምትነሳ አንዲት ነገር መኖር አለባት። ወረቀት ሳይኖር አለ ካለ፣ ሌላ ነገር ተጭኗታል ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀት ፍለጋውን ተውኩና እሷን ፈለግሁ። አገኘኋት፤ ጥፍር የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከጎማዎቹ ጎን ተኝታለች። በጣቴ ላነሳት ብል አልነሳ አለች። ወረንጦ አምጥቼ ከሥሯ የያዛትን ሳብኩት። ክር ነበር፤ ረጅም፣ ሰማያዊ።

«ይሄማ የኔ ክር ነው» አሉ እትዬ።

ነበር። ዳንቴሉን በችኮላ ስገፍፈው ከዘርፉ አንዱ ተበጥሶ ወረቀቱ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ቀርቷል። እትዬ ማሽኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ ለካ እያሉ ሳቁ። ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የተበጠሰበትን ቦታ ፈለጉና ሌላው እንዳይፈታ በጣታቸው ይቋጥሩት ጀመር። እኔ ፎቶውንና ወረቀቱን መልሼ ተጫንኩ። ማሽኑ ወረቀቱን ለስለስ አድርጎ ዋጠው፤ ሁለቱ ወጣት ሴቶች ከነጥቅል ጨርቃቸው ቀስ እያሉ ወጡ።

«አለቀ!» አልኩ።

«አለቀ እንዴ?» አለች እናቴ።

ያኔ አየኋት። ሳምንቱን ሙሉ ፎቶውን ያላስታወሰችው፣ ፎቶ ቤት እንዳይሄድ የከለከለችው፣ ቀስ በይ ቀስ በይ የምትለኝ ለምን እንደሆነ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። ማሽኑ እንዲሠራ ሳይሆን እትዬ ጥቂት እንዲቆዩላት ነበር የምትፈልገው።

«ቀለሙ ፈዘዘ መሰለኝ። ልድገመው» አልኩ። ቀለሙ ምንም አልሆነም ነበር።

እትዬ ፎቶውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ደህና ነው ልጄ። አሁን ካልተነሳሁ አልነሳም» አሉ።

ዳንቴሉን አጣጥፈው ለእናቴ ሰጧት። ከዚያ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ፣ ክላክሱም ዝም አለ። አይሱዙው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ እናቴ እጇን አላወዛወዘችም፤ ዳንቴሉን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ አለቀሰች።

ቤት ስንገባ ፕሪንተሩን መልሳ አለበሰችው፤ ዘርፉ ወደ ኋላ፣ ልክ ወረቀቱ በሚገባበት በኩል።

«ተመልሶ ይይዘዋል እኮ» አልኳት።

«ይያዘው። አንቺ አለሽ።»

አለሁ። አሁንም አልፎ አልፎ ወረቀት ሳይኖር ተቀርቅሯል ይላል። እኔም ሶኬት አልነቅል፣ ጎማ አልፈትግ፤ ወረንጦዬን ይዤ በቀጥታ ወደዚያች ጥቁር ፕላስቲክ እሄዳለሁ። እናቴ በርጩማዋን ስባ ትመጣለች።

«የሷ ነው?»

«የሷ ነው።»

«እንግዲያው ደውዪላት።»

እደውላለሁ። እናቴ ስልኩን ትቀበለኝና ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ማሽኑ እምቢ ብሏል፤ ተቀመጪ» ትላቸዋለች። ክሩ በእጄ ነው፣ ማሽኑም ደህና ነው። ወሬያቸው እስኪያልቅ ግን ክዳኑን አልገጥምም።