ከደረጃው የወጣ ኮምባይነር

የሥልጠና ደረጃ የሚያወጡ ሰዎችን አልወዳቸውም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ ይህን እያሰባችሁ አንብቡልኝ። ክፉ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ስብሰባ ላይ «ግብዓት» የምትለዋን ቃል ካልጠሩ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ይመስለኛል። ግን አንዲት መስመር በሰረዙ ቁጥር እዚህ የማን ቤት እንደሚጨልም አያዩም፤ ለማየትም አይቆዩም።

እኔ ባሌ፣ ሮቤ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የእርሻ መሣሪያዎች አስተማሪ ነበርኩ። ቤቴ ጎባ ነው። ጧት ጧት በዚያ ብርድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ እወርዳለሁ፣ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ወደ እኛ የሚላኩበት ጊዜ ነበር። «ዐሥር ሲደመር ሁለት» የሚባለው ቀርቶ «ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት» የሚባለው ገብቷል። ሥርዓተ ትምህርቱም በየጊዜው ይከለሳል፤ አንዱን ማስተማር ሳንለምድ ሌላው በመኪና ተጭኖ ይመጣል። አሮጌውን ጥራዝ የት እንደምናደርገው የነገረን ስላልነበረ የጥበቃው ሰውዬ እሳት ያቀጣጥልበት ነበር።

የማስተምረው ኮምባይነር ነው። ሮቤን የሚያውቅ ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ከከተማው ወጣ ሲሉ ዓይን እስኪታክት ስንዴ ነው፤ በበልግም በመኸርም ይታጨዳል፣ የሚታጨደውም በኮምባይነር ነው። ኮምባይነሩን የሚነዳው ግን ሁልጊዜ የሌላ አገር ሰው ነው። አጨዳ ሲደርስ ኦፕሬተሮቹ ከአርሲ በኩል ይመጣሉ፤ በግ ይታረድላቸዋል፣ ፍራሽ ይነጠፍላቸዋል፣ የኛ ልጆች ከኋላ ሆነው ኬሻ ይሰፋሉ። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከድሮው የመንግሥት እርሻ የተረፈ አንድ አሮጌ ኮምባይነር ነበረው፤ ቀለሙ ያለቀ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ሞተሩ ግን የሚነሳ። ልጆቹን በእሱ ላይ አሠለጥናለሁ፣ አጨዳ ሲሆን ደግሞ ገበሬ ማሳ ድረስ ይዣቸው እወጣለሁ።

ከልጆቹ አንዷ ከጎባ በላይ ካለ መንደር የመጣች ነበረች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ጎባ ገበያ ቅቤ እየሸጠች ታሳድጋታለች። በፈተና አንደኛ አትወጣም፤ ኮምባይነሩን ግን ትወደዋለች። ሌሎቹ ግራሶ እጃቸውን ሲነካቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እሷ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ሆዱ ውስጥ ትገባለታለች። ወንዶቹ «ኮምባይነሩ መቼ ነው ሽማግሌ የሚልክብሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል። «ጥሎሽ እያሰባሰበ ነው» ትላቸዋለች።

አንድ መኸር ለልምምድ ወደ አንድ ሃጂ ማሳ ይዣቸው ሄድኩ። ሃጂ ከሮቤ ወጣ ብሎ ሰፊ መሬት አላቸው፣ የራሳቸው ኮምባይነርም አላቸው። ልጅቱን መሪው ላይ አዩዋትና ቆመው ቀሩ።

«ይቺ ኢንተላ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ወላሂ፣ ወረቀቷን ይዛ ትምጣ እንጂ ሁለተኛ ከአርሲ ሰው አልጠራም። ኮምባይነሬን የምትነዳልኝ እሷ ናት» አሉ። እሷም ሰማች።

ወረቀት ያሉት የብቃት ማረጋገጫውን ነው፤ እኛ ሲኦሲ የምንለውን። ያለ እሱ የመሣሪያ መንጃ ፈቃድ አይወጣም። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቱ የምታወራው ስለ ሲኦሲ ብቻ ሆነ። እናቷም ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ፈተናው መቼ ነው?» ትለኛለች።

ምዘናው ሲቃረብ የተከለሰ ደረጃ ረቂቅ መጣ። ኮምባይነር የለበትም። አገላብጬ አየሁ፤ የለም። ኮምባይነር እኛ ከምናስተምረው ደረጃ ሁለት ወደ ደረጃ አራት ከፍ ተደርጓል፤ እኛ ደግሞ ወርክሾፓችን አይበቃም ተብለን ደረጃ አራት ማስተማር አልተፈቀደልንም። በምትኩ ለደረጃ ሁለት የገባው፣ ሰው ከኋላው በእግሩ እየሄደ በእጀታ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው። አነስተኛ ማሳ ላለው ገበሬ ይስማማል ተብሏል። ይስማማ ይሆናል፣ የሆነ ቦታ። ደረጃው ግን ለሪራ መንደር ንብ አናቢም፣ ለአንገቱ ከተማ ባለ ቡናም፣ ለሮቤ ባለ ስንዴም አንድ ነው። በኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ትራክተር በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

የትምህርት ቤታችን ዲን ቢሮ ገብቼ ጮኽኩ። ዲኑ የሚጮህበትን ሰው በፈገግታ የሚያደክም ሰው ነበር። «ደረጃ የሚያጸድቀው አስተማሪ አይደለም፣ ኢንዱስትሪው ነው። ሲመጡ ኢንዱስትሪው ይናገር» አለኝ። ሮቤ ላይ ኢንዱስትሪ ማለት ማን ነው? ሃጂና እሳቸውን የመሰሉ ባለ ኮምባይነሮች ናቸው። እንግዲያው ይናገሩ ብዬ በዚያው ሳምንት ሃጂ ቤት ሄድኩ።

«ሃጂ፣ ኮምባይነርን ከትምህርቱ ሊያወጡት ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ካልተናገሩ ልጅቱ ወረቀት አታገኝም።»

«ማን ነው የሚያወጣው?»

«ከላይ የሚመጡ ሰዎች።»

«እዚህ ስንዴ እንዳለ አልሰሙም እንዴ?»

«እርስዎ ይንገሯቸው።»

«እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻ አላህ። ሌሎቹንም ይዤ እመጣለሁ።»

ሃጂ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ጎባ ገባሁ።

በማጽደቂያው ስብሰባ ቀን ሃጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ባለ ኮምባይነሮችንና ገበሬዎችን አስከትለው ወደ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ መጡ። ከላይ የመጣው እንግዳ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። ኦሮምኛ አያውቅም፤ ዲኑ ያስተረጉምለታል። ግድግዳ ላይ ጽሑፍ እያበራ ሲያስረዳ ረፈደ። እጄን አነሳሁ። «የአሠልጣኞች ዙር አልፏል፤ ዛሬ የምንሰማው የኢንዱስትሪውን ድምፅ ነው» ብሎ አስቀመጠኝ። ሃጂን አየኋቸው። እሳቸውም «ቆይ፣ አትቸኩል» በሚል ዓይን አዩኝ። እንግዳው ሰዓቱን አየና ከምሳ በፊት አባቶች ስለ ደረጃው የሚሉት ካለ ይበሉ አለ። ሃጂ ተነሱ።

እዚህ ላይ የኛን አገር ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ባሌ ውስጥ ሽማግሌ ተነስቶ በአንዴ ክርክር ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ይመርቃል፤ የመጣው ሰው፣ የተሰበሰበው ሰው፣ ሥራው፣ ዝናቡ ሁሉ ይመረቃል። ከዚያ እንግዳ ይበላል። ያልበላን እንግዳ ፊት ለፊት መቃወም ነውር ነው፤ እንደ ማባረር ይቆጠራል። ነገር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሃጂ እንዳደጉበት አደረጉ። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ መምጣታችሁን የደግ ያድርገው፣ የጀመራችሁት ፍሬ ይስጥ፣ ለልጆቻችን የያዛችሁት ይባረክ እያሉ በኦሮምኛ መረቁ። አዳራሹ ሙሉ «አሚን» አለ። እኔም አሚን አልኩ፤ ሲመረቅ ዝም አይባልም።

ዲኑ «አባቶች ሥራችሁን መርቀዋል» ብሎ ተረጎመለት። የእንግዳው ፊት በራ። «እንዲህ ያለ ድጋፍ የትም አላገኘንም» ብሎ ጎንበስ እያለ አመሰገነ፣ ወረቀቱንም ሰበሰበ። ዲኑ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ምርቃት ስምምነት እንዳልሆነ ከኔ በላይ ያውቃል። ዓይኑን ፈለግኩት፣ አላየኝም። ተነስቼ ልናገር ስል ሰዉ ወደ ምሳው መውጣት ጀምሮ ነበር።

ሃጂ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ አዳራሹ ተመለሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ቦታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እንግዳው የለም። መኪናው በዲንሾ መንገድ ከተማውን ለቃ ከወጣች ቆይታለች።

«የት ሄደ? ገና መች ተነጋገርን?» አሉ ሃጂ።

«ጉዳዩ አልቋል እኮ ሃጂ። መርቃችሁ የለም?» አላቸው ዲኑ።

«መረቅኩ እንጂ ተስማማሁ አልኩ?»

ያኔ የተናደድኩትን ንዴት እስካሁን አልጨረስኩትም። የተናደድኩት በእንግዳው ነው፣ በዲኑ ነው፣ እውነቱን ለመናገር በሃጂም ነው። ጨዋነታችን አንዳንዴ ያስጠላኛል። የሚጎዳንን ሰው ምሳ አብልተን የምንሸኝ ሰዎች ነን።

በአሮጌው የተማሩት በአሮጌው ይመዘኑ ብዬ ደጋግሜ ጻፍኩ። የመጣው መልስ አሮጌው ምዘና ተሽሯል የሚል ነው። ልጆቹ ያ ትራክተር ወዳለበት ሌላ ከተማ ሄደው እንዲመዘኑ ተወሰነ። ከመሄዳቸው በፊት ከመጽሐፍ ላይ አይቼ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። ልጅቱ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና «ቲቸር፣ ወንበሩ የታለ?» አለችኝ። ወንበር የለውም አልኳት። ሌሎቹ ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም።

«ገና ብቁ አልሆነችም» የሚል ውጤት ይዛ ተመለሰች። ወድቃለች አይሉም፤ እንዲያ ማለት ያሳፍራቸዋል። እናቷ ገበያ ላይ ቅቤዋን ትታ ተከተለችኝና መቼ ነው የምትበቃው ብላ ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ዙር ብያት ሄድኩ። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በትምህርት ቤታችን አልነበረም።

በተከታዩ መኸር አዲሶቹን ተማሪዎች ይዤ ሃጂ ማሳ ሄድኩ። ኮምባይነር ማየት በትምህርታቸው ውስጥ የለም፤ በግትርነቴ ነው የወሰድኳቸው። የሃጂን ኮምባይነር የሚነዳው ከአርሲ የመጣ ሰው ነው። ሃጂ አፍረው ሰላምታውን አሳጠሩት። «ያለ ፈቃድ መሪው ላይ ባስቀምጣት ኮምባይነሩንም እሷንም ያስሩብኛል» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ልጅቱ ማሳው ዳር ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ በረጅም መርፌ የኬሻ አፍ ትሰፋለች። ሻሿን ገለባ ሞልቶታል። ስታየኝ ተነሳች፤ መርፌውን ቀሚሷ ላይ ሰክታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«በሚቀጥለው ዙር እንደገና ትመዘኛለሽ» አልኳት።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «እነዚህን ልጆች ኮምባይነሩ ላይ አያውጧቸው።»

«ለምን?»

«እኔ ከላይ ሆኜ ማሳውን አይቼዋለሁ። አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ መስፋት አቃተኝ። ከነዚህ ሴቶች ጋር መሳቅ እንኳ አቃተኝ። ባላየው ኖሮ ይሄም ሥራ ሥራ ይሆንልኝ ነበር።»

ተመልሳ ተቀመጠችና መርፌዋን ነቀለች። ኮምባይነሩ ስንዴውን አራግፎ ቆሟል፤ ኦፕሬተሩ ውኃ ሊጠጣ ወርዷል። ዞር ስል ከአዲሶቹ ተማሪዎች ሁለት ሴት ልጆች እየተሳሳቁ መሰላሉን ሲወጡ አየሁ። የፊተኛዋ እጅ መሪውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል።

«ውረዱ» አልኳቸው።